እውነተኛ ሮድስተር የቱ ነው? የእንግሊዝ መኪናስ መንገድ ላይ ታስቀራለች?

ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጠይቃኛለች፦ «ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ኤምጂቢ የተባለች የ1972 የእንግሊዝ መኪናቸውን ሊሸጡልኝ ነው። ጣሪያዋ ጨርቅ ነው። የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው። በጣም ወድጃታለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ግን ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ መስኮቷ በእጅ እየተጠመዘዘ የሚወጣ ስለሆነ እውነተኛ ሮድስተር አይደለችም አለኝ። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና መንገድ ላይ ጥላሽ ትቆማለች አለኝ። እውነቱን ነው ወይ? ልግዛት ወይስ ልተዋት?»

እህቴ፣ ባልደረባሽ በሁለቱም ግማሽ ልክ ነው። ግማሽ ልክ የሆነ ምክር ግን ያስቸግራል። ጥሩ መኪና ሊያሳልፍሽ፣ መጥፎ መኪና ደግሞ ሊያስገዛሽ ይችላል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። ዛሬ ሮድስተር ስንል ሁለት ሰው የምትይዝ ክፍት የስፖርት መኪና ማለታችን ነው። «ሮድስተር» ከመኪና በፊት የፈረስ ስም ነበር። መንገድ የሚችል፣ ለጉዞ የሚሆን ፈረስ ማለት ነው። ወደ መኪና ያመጡት አሜሪካኖች ናቸው። እንግሊዞቹ በቃሉ እምብዛም አይጠቀሙም ነበር። ጃጓር በ1948 ኤክስኬ 120ን ሲያወጣ «ክፍት ባለ ሁለት ወንበር» ነበር ያላት። ሮድስተር እያለ የጠራት አሜሪካዊው ገዢ ነው። ስለዚህ በስሙ ብቻ ተከራክረን የትም አንደርስም። መኪናዋን ራሷን ማየት ይሻላል።

ባልደረባሽ ያንን ሐሳብ ከየት እንዳመጣው ይገባኛል። የሱ ዓይነት ሰዎች በልባቸው የያዟቸው መኪኖች አሉ። በ1955 የወጣችውን ኤምጂኤ እንውሰድ። ክፍቷ ኤምጂኤ ከውጭ በኩል የበር እጀታ የላትም። በሩን ለመክፈት እጅሽን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርገሽ ገመድ ትስቢያለሽ። የሚወጣና የሚወርድ መስኮት የለም። ዝናብ ከመጣ ያስቀመጥሻቸውን ተነቃይ መስኮቶች አውጥተሽ በሩ ላይ ትሰኪያለሽ። በ1958 የወጣችው ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት ደግሞ የኋላ ዕቃ መጫኛ ክዳን እንኳ አልተሠራላትም። ሻንጣሽን የምታስገቢው በወንበሩ ጀርባ በኩል እየገፋሽ ነው። የ1953ቷ ትራያምፍ ቲአር2 በሯ ክርን በሚያርፍበት ቦታ ወደ ታች ተቆርጧል። ተቀምጠሽ እጅሽን ብትዘረጊ አስፋልቱን ትነኪያለሽ። ይህን አንዴ የቀመሰ ሰው መስኮት የሚያጠማዝዝ መኪና ሲያይ ቅር ቢለው አይገርምም። ትራያምፍ በ1961 በቲአር4፣ ኤምጂ ደግሞ በ1962 በኤምጂቢ ተጠምዝዞ የሚወጣ መስኮት አስገቡ። ለብዙ አፍቃሪዎች ሮድስተር ያበቃው እዚያ ላይ ነው።

እኔ መስመሩን እዚያ አላሰምረውም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ መሐንዲሱ መኪናዋን ወረቀት ላይ መጀመሪያ ሲስላት ክፍት አድርጎ ነው ወይስ ጣሪያ አልብሶ?

ለምን ይሄ ትልቅ ነገር እንደሆነ ልንገርሽ። ጣሪያ ከዝናብ ብቻ አይደለም የሚከላከለው። የመኪናዋን አካል አጥብቆ የሚይዝ አጥንት ነው። የካርቶን ሳጥን ክዳኑን ቆርጠሽ ጣይና በሁለት እጅሽ ጠምዝዢው፤ ይታጠፋል። ጣሪያ ኖሯት የተወለደች መኪና ጣሪያዋ ሲቆረጥም እንደዚያው ነው። ሠሪው ከሥር ሌላ ላሜራ እየጨመረ ሊያጠነክራት ይገደዳል። የቮልስዋገን ቢትል ክፍቷን ታውቂያት ይሆናል። መጀመሪያ ባለ ጣሪያዋ ተሠራች፤ ከዚያ ጣሪያዋ ተነሣ፤ ከዚያ ከሥር ማጠንከሪያ ገባላት። ባለ አራት ወንበር ናት። ጣሪያዋ ሲታጠፍ ከኋላ እንደተጠቀለለ ፍራሽ ይቆለላል። ቆንጆ መኪና ናት፤ እኔም እወዳታለሁ። ግን ኮንቨርቲብል ናት እንጂ ሮድስተር አይደለችም።

ኤምጂቢ የተሠራችው በተገላቢጦሽ ነው። በ1962 ክፍት ሆና ወጣች። ባለ ጣሪያዋ ጂቲ የመጣችው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1965 ነው። ጥንካሬዋ ከመጀመሪያው የተቀመጠው ከታች ነው። ከበሩ ሥር ያለውን ደፍ ተመልከቺው። ከላይ ተራ ደፍ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ላሜራ በላሜራ የተደራረበ ሳጥን ነው። መኪናዋን ቀጥ አድርጎ የያዛት እሱ ነው። ይህን ደፍ አትርሺው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የማዝዳ ሰዎችም ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል። በ1962 የወጣችውን የእንግሊዟን ሎተስ ኤላን በደንብ አጥንተው በ1989 ኤምኤክስ-5ን ቺካጎ ላይ አሳዩ። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠራች። መስኮት አላት፣ ማሞቂያ አላት፣ ጣሪያዋ አያፈስም። ሮድስተር አይደለችም የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ሁለት ወንበር፣ ቀላል አካል፣ ወገብሽ ከኋላ ጎማ አጠገብ ሆኖ ዝቅ ብለሽ የምትቀመጪባት፣ ክፍት ሆና የታሰበች። ይህን ካሟላች ለእኔ በቂ ነው። ያንቺ ኤምጂቢ ታሟላለች። ባልደረባሽን እንዲህ በይው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። የእንግሊዝ መኪና ታስቀራለች?

አንድ ነገር በደንብ ያዢልኝ። መኪናዋን ሮድስተር የሚያደርጋት ክፍትነቷ ነው፤ የሚጥላትም እሱ ነው። ክፍት መኪና ውስጥ ውሃ ይገባል። በጨርቁ ስፌት ይገባል፣ በመስታወቱ ጠርዝ ይገባል። ምንጣፉ ሥር ይተኛል። ከዚያ ሁለት ነገር ይበላል፤ ብረትና የኤሌክትሪክ መገናኛ። በጋራዥ ዘመኔ ተጎትተው ከመጡልኝ የእንግሊዝ ክፍት መኪኖች መካከል ሞተሩ ራሱ የሞተበት ጥቂት ነው። የሚበዛው ሽቦ ነው፣ ወይም ዝገት ነው።

ሞተሩንማ ተዪው፤ ሞተሩ የቤተሰብ መኪና ሞተር ነው። እንግሊዞቹ ለስፖርት መኪና ብለው አዲስ ሞተር የመሥራት ገንዘብ ብዙ ጊዜ አልነበራቸውም። ያላቸውን አነሡ። የቲአር2 ሞተር ከስታንዳርድ ቫንጋርድ የቤት መኪና የመጣ ነው። ወንድሙ ፈርጉሰን ትራክተር ላይ ሆኖ እርሻ ያርስ ነበር። ያንቺዋ ኤምጂቢ 1798 ሲሲ ሞተር ደግሞ ዘሩ በ1940ዎቹ ከኦስቲን የተነሣ ነው። የዚያው ቤተሰብ 1489 ሲሲ ሞተር በህንድ ሂንዱስታን አምባሳደር ላይ ገብቶ የካልካታን ታክሲ ለአሥርት ዓመታት ነድቷል። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ጭንቅንቅ። ይህ ሞተር ውሃና ዘይቱ ከተጠበቀለት ደካማ አይደለም። ደግሞ ከ1964 መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት ዋናው ዘንግ በአምስት ኩሽኔታ ላይ ነው የሚያርፈው፤ በፊት ሦስት ነበር። ያንቺ አምስት ያለው ነው። ዘይት ታንጠባጥባለች፣ አልዋሽሽም። ከሥሯ ካርቶን አንጥፊ። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጥቂት ጠብታ ካየሽ ግድ የለም። የሳህን አፍ ያህል ከሆነ ግን ወደ መካኒክ ውሰጃት።

እንግሊዞቹ ያጠፉትን ግን አልሸፍንላቸውም። በ1970 የወጣችው ትራያምፍ ስታግ የራሷ የሆነ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ተሰጥቷት የውሃ ፓምፑ ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ውሃው ትንሽ ሲጎድል ፓምፑ ይደርቃል፣ ሞተሩ ይፈላል፣ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ይጣመማል። ይህ የባለቤት ስንፍና አይደለም፤ የንድፍ ስህተት ነው። ቲአር7 ደግሞ በ1975 ስትወጣ ሊቨርፑል አጠገብ ስፒክ በተባለ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። አድማ በአድማ ሆነና በ1978 ፋብሪካው ተዘጋ። የጥራቷ ስም በዚያው ተበላሸ። በ1968 የተመሠረተው፣ የኤምጂና የትራያምፍ ባለቤት የነበረው ብሪቲሽ ሌይላንድ ገንዘብ አጥሮት በ1975 መንግሥት ወረሰው። ኤምጂቢ እስከ 1980፣ የምትሠራበት የአቢንግደን ፋብሪካ እስከተዘጋ ድረስ፣ ተተኪ ሳይሠራላት 18 ዓመት ቆየች። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ለዚህ ነው ዛሬ መለዋወጫዋ እንደ ልብ የሚገኘው። ከ1988 ጀምሮ ሙሉ አዲስ ቦዲ እንኳ በእንግሊዝ አገር ይሠራላታል። የ50 ዓመት መኪና እንዲህ ዕድለኛ መሆኗ ብርቅ ነው።

ሽቦውን እንየው። የኤሌክትሪክ ዕቃውን የሚሠራው የበርሚንግሃሙ ሉካስ ነበር። አሜሪካኖች «የጨለማው ልዑል» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ መብራቱ ይጠፋል ለማለት። ይህን ቀልድ ደንበኛ ሁሉ ይነግረኛል። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ እነዚህን ሽቦዎች ስፈታ ኖሬ ያየሁት ሌላ ነው። ዕቃው ራሱ የተበላሸበት ጊዜ አለ። ከዚያ እጅግ የሚበልጠው ግን ግራውንዱ የተበላሸበት ነው። መኪና ላይ ወደ መብራቱ የሚሄደው ሽቦ አንድ ነው። ከረንቱ ወደ ባትሪ የሚመለሰው በመኪናዋ ብረት በኩል ነው። ብረቱ ዛገ ማለት የመመለሻው መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። ያኔ ከረንቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገርሽ። አንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ክፍት መኪና ተጎትታ መጣችልኝ። ባለቤቱ በገዛ ቤቱ ፍሪሲዮን ቀይሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞተሪኖው፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ዕቃ፣ አልዞር አለ። አዲስ ባትሪ ገዛ። አዲስ ሞተሪኖ ገዛ። ለውጥ የለም። እኔ ቁልፉን ሳዞረው ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ቆመ። ወዲያው የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከዳሽቦርዱ ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል። የሚጨሰው የቾኩ ገመድ ነው። የቾክ ገመድ ከኤሌክትሪክ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር የሚስብ ተራ የብረት ገመድ ነው። ግን ሞተር የሚቀመጠው ጎማ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ከረንት አያሳልፍም። ስለዚህ ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚዘረጋ አንድ ጠፍጣፋ፣ የተጎነጎነ ገመድ አለ። ሰውዬው ፍሪሲዮኑን ለመቀየር ካምቢዮውን ሲያወርድ ፈታው፤ ሲመልስ ረሳው። የሞተሪኖው ከባድ ከረንት መመለሻ ሲያጣ በዚያች ቀጭን የቾክ ገመድ ሄደ። ጠፍጣፋው ገመድ ከትርፍ ብሎኖች ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ ይዞት መጥቷል። ሁለቱን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈገፈግኩት፣ አሠርኩት። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። ሁለት ዕቃ በከንቱ የገዛው አንድ ብሎን ስለረሳ ነው።

አንቺም ይህን ራስሽ መፈተሽ ትችያለሽ። ርካሽ የቮልት መለኪያ ግዢ። መብራቱን አብሪ። አንዱን ሽቦ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን መብራቱ የታሰረበት ብረት ላይ አስነኪ። ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ካሳየ ግራውንዱ ጤነኛ ነው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ መገናኛውን ፍቺው፣ ፈግፍጊው፣ ግሪስ ቀቢው፣ መልሰሽ እሰሪው። ፍሬቻ ስታበሪ የፍሬን መብራቱም አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ ሳትለኪም ማወቅ ትችያለሽ፤ ግራውንድ ነው።

የሽቦዎቹ ቀለም ደግሞ በሥርዓት የተያዘ ነው፤ ይህን በጣም እወድላቸዋለሁ። ቡናማው በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው፤ ቁልፉ ቢጠፋም ሕያው ነውና ተጠንቀቂው። ነጩ ቁልፍ ሲዞር የሚነሣ ነው። አረንጓዴው ያው ነጩ ነው፣ በፊውዝ አልፎ። ሰማያዊው የፊት መብራት፣ ቀዩ የጎንና የኋላ መብራት፣ ጥቁሩ ግራውንድ። ይህን ያወቀ ሰው መኪናዋን እንደ ደብዳቤ ያነባታል። ችግሩ ባለፉት 50 ዓመታት አንዱ ባለቤት ቢጫ ሽቦ፣ ሌላው የቤት መብራት ሽቦ እየቀጠለ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ኮፈኑን ስትከፍቺ በፕላስተር የተጠቀለለ ባዕድ ሽቦ ካየሽ ዋጋ አስቀንሺ።

ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፊውዝ አራት ብቻ ነው። የፊት መብራቱ ፊውዝ የለውም፤ ከረንቱ በሙሉ የሚያልፈው ዳሽቦርዱ ላይ ባለችው ማብሪያ በኩል ነው። ማብሪያዋ በጊዜ ትሞቃለች፣ መብራቱም ይደበዝዛል። ሪሌይ፣ ማለትም ከባዱን ከረንት በማብሪያዋ ፈንታ የሚሸከም ዕቃ፣ ከፊውዝ ጋር አስገቢበት። ብዙ ወጪ አይደለም፤ ማታ ስትነጂ ልዩነቱን ታዪዋለሽ። በ1972ቷ ላይ ባትሪውም ሁለት ነው፤ እያንዳንዳቸው 6 ቮልት፣ ከወንበሮቹ ጀርባ ወለሉ ሥር የተቀበሩ። መንገዱ የሚረጨው ውሃ እዚያ ይደርሳል። ብዙ ሰው አውጥቶ አንድ ባለ 12 ቮልት ያስገባል፤ እኔም ያንን እመክርሻለሁ።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን አንድ የላንድሮቨር ሾፌር ነበሩ። ወደ ገጠር ነበር የሚሠሩት። ላንድሮቨሩም የእንግሊዝ ነው፤ ሽቦውም የዚያው የሉካስ። ማታ ሲመለሱ ቤት ከመግባታቸው በፊት ኮፈኑን ይከፍቱ ነበር። ዘይት ያያሉ፣ ውሃ ያያሉ፣ ባትሪውን በጨርቅ ይጠርጋሉ፣ አንድ ብሎን ያጠብቃሉ። የእንግሊዝ መኪና አያስተማምንም የሚል ቃል ከእርሳቸው ሰምቼ አላውቅም። መኪናዋ የተሠራችው ለእንደዚያ ያለ ሰው ነው። ዛሬ የምንነዳት ቶዮታ ዘይት ለመቀየር ብቻ ትጠራናለች። ኤምጂቢ ግን በየ3,000 ማይሉ የፊት እግሮቿ ግሪስ ይፈልጋሉ። ከረንቱን ለሻማዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ እየተከፈተ የሚዘጋው ትንሹ መገናኛ ክፍተቱ መለካት አለበት፤ 0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር። ይህ ሳይደረግላት ቀርቶ ስትቆም ሰው «የእንግሊዝ ነገር» ይላል።

ከሥራው ሁሉ ደስ የሚለኝን ላሳይሽ። ሁለቱ የኤስዩ ካርቡሬተሮች አናታቸው ላይ ትንሽ ክዳን አላቸው። በእጅሽ አዙረሽ ፍቺው። ከክዳኑ ጋር ቀጭን ዘንግ ይወጣል። መልሰሽ ወደ ውስጥ ስትገፊው እንደ ማር ቀስ ብሎ ከገባ ዘይት አለው። ቀልጠፍ ብሎ ከገባ ደርቋል። ጥቂት ጠብታ ዘይት ጨምረሽ መልሺው። ቤንዚን ስትረግጪ የምታመነታ የነበረች መኪና በዚህ ብቻ ትፈወሳለች። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ቁርጡን ልንገርሽ። ሌላ መኪና ከሌለሽ፣ በየካቲት ጠዋት ዋሽንግተንን በሚዞረው በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ሥራ የምትሄጂባት እሷ ብቻ ከሆነች፣ አትግዢ። ስለ ሞተሯ ፈርቼ አይደለም። በበረዶው ወራት መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ደፏን ይበላዋል። ሁለተኛ መኪና አድርገሽ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት የምትነጃት ከሆነ ግን ግዢ፤ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስጫት። ለሽማግሌውም ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ስትሄጂ ጠዋት ሂጂ። ቀድመው እንዳያስነሷት ንገሪያቸው፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሣ መስማት አለብሽ። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢ። በደፉ ላይና ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ባለው ጥግ ላይ እያስጠጋሽ ሂጂ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ነው፤ ላሜራው የለም። ምንጣፉን አንሺ፣ እጅሽን ወለሉ ላይ አሳርፊ፤ እርጥብ ነው ወይ? ከዚያ አስፈቅደሽ በክሪክ አንዱን ጎን ከፍ አድርጊያት። በሩን ክፈቺና ዝጊ። በበሩና በቦዲው መካከል ያለው ክፍተት ከተለወጠ፣ ወይም በሩ አልዘጋ ብሎ ከተያዘ፣ ደፉ አልቋል፤ መኪናዋ ከመሐል እየታጠፈች ነው። የዚህ ብየዳ ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ አመስግነሽ ውጪ። መሬት ላይ ሆና የሚዘጋበት ድምፅና ተነሥታ የሚዘጋበት ድምፅ አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ገንዘቡን ቁጠሪላቸው።